ሎሚ በእናንተ ሰፈር ስንት ገባ?

የሰሚቷ
መጋቢት 5 ቀን 2012፣ ከምሽቱ 2:40

እንደምን አመሻችሁ። ትናንት ዓርብ ኮሮና የያዘው የመጀመሪያው ሰው አገራችን ውስጥ ተገኘ ከተባለ ጀምሮ ቢሯችን ውስጥ ሥራ የሠራ ሰው አላየሁም። ጃፓናዊ ነው፣ ከቡርኪና ፋሶ ነው የመጣው፣ ከማን ጋር ተገናኘ፣ የት አደረ... ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት ሾላ ገበያ ወረድኩ። ሐሳቤ እንደ ሌላው ጊዜ የሳምንት ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ለጾሙ ደግሞ ምስር ልገዛ ነበር።

ነጭ ሽንኩርት የምገዛቸው እናት አሉ፣ ደንበኛቸው ከሆንኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ሳምንት ኪሎውን በ80 ብር ነው የሰጡኝ። ዛሬ ገና ሳልጠጋቸው «200 ነው ልጄ፣ ካልገዛሽ አትንኪው» አሉኝ። «ኧረ እማማ!» እያልኩ ስለማመጥ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ስድስት ኪሎ አስመዝኖ ሄደ። ስድስት ኪሎ! ምግብ ቤት አለህ እንዴ ስለው «ለልጆቼ ነው» አለኝ። ሎሚ በኪሎ መሸጡ ቀርቶ በፍሬ ሆኗል፣ አንዷ ፍሬ 10 ብር። ዝንጅብሉም፣ ጤናዳሙም፣ ፌጦውም እሳት ነው።

በእናንተ ሰፈርስ? ደግሞስ የምር ገዝቶ ማከማቸት ያስፈልጋል? እናቴ ከደብረ ብርሃን በቀን ሦስቴ እየደወለች «አንድ ኩንታል ጤፍ አስገቢ» ትላለች። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ኩንታል ጤፍ የት ላስቀምጠው?

የካዛንቺስ ልጅ
መጋቢት 5፣ ከምሽቱ 2:58

እኛ ሰፈር ያለችው የጉልት ነጋዴ ነጭ ሽንኩርቱን ከፊቷ አንስታ ከጀርባዋ ደብቃዋለች። ትጠይቂያታለሽ፣ ግራና ቀኝ ታያለች፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልላ ታቀብልሻለች። ዶላር የምትመነዝር ነው የምትመስለው።

ስለ ጤፉ እናትሽን ስሚ። ሶፋውን ሽጪና ኩንታሉ ላይ ተቀመጪ።

ኮልፌ ባለሱቅ
መጋቢት 5፣ ከምሽቱ 4:15

ዘግቼ ገና አሁን ስልኬን ማየቴ ነው። «ነጋዴ እንዲህ አደረገ» መባሉ አይቀርምና የእኔን ቀን ልንገራችሁ።

12 ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት አይቻት የማላውቅ ሴት መኪና አቁማ «ያለህን ፓስታ በሙሉ» አለችኝ። ሁለት ካርቶን ነበረኝ፣ አንዱን ሰጠኋት። ሌላው ለሰፈሬ ሰው ነው ስላት ተቆጥታ ሄደች። ባለ አምስት ሊትሩ ዘይት ስምንት ነበር፣ አራት ሰዓት ሳይሆን አለቀ። ሳሙና፣ በረኪና፣ ኦሞ እስከ ቀትር አንድም አልተረፈም። መርካቶ ለሚያከፋፍለኝ ሰው ስደውልለት «ዋጋ በስልክ አይነገርም፣ ና እና እናወራለን» አለኝ። ይቺን ቃል የሰማ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። እንግዲህ ነገ በሱ ዋጋ አምጥቼ ስሸጥ ስግብግቡ እኔ ልባል ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። የዱቤ ደብተሬ ላይ 31 ቤት አለ። እነዚህ ሰዎች ፓስታ በካርቶን አይገዙም። የሚገዙት የ10 ብር ዘይት፣ የ5 ብር ስኳር፣ ሦስት እንጀራ፣ ክብሪት ነው፤ ነገ ደግሞ እንደገና። ዛሬ ማታ አንዷ እናት ጠርሙሷን ይዛ መጥታ ዘይት የለም ስላት ዝም ብላ ጠርሙሷን አይታ ተመለሰች። ባለመኪናዋ በጠዋት ወሰደችው ልበላት?

የሰሚቷ
መጋቢት 5፣ ከምሽቱ 4:31

ወንድሜ፣ የጠርሙሷ ነገር እንቅልፍ ሊነሳኝ ነው። እኔም ሁለት ዘይት ገዝቼ ነው የገባሁት። እዚህ ግን አልጻፍኩትም ነበር።

ነርስ ነኝ
መጋቢት 6፣ ከጠዋቱ 1:20

ከአዳር ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፣ ወጣችሁ ውስጥ ጨምሩት። ኮሮናን ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ሎሚም ፌጦም እንደዚያው። በ200 ብሩ ሳሙና ግዙበት። ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃል፣ ሽታ ያለው፣ ውድ የሆነው አያስፈልግም። 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መሃል፣ አውራ ጣትን ሳትረሱ።

ካቲካላ በሳኒታይዘር ፋንታ ስለሚጠቀሙት፦ ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። የቤት ካቲካላ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። በረኪና ለእጅ አይደለም። ለበር እጀታና ለጠረጴዛ ከሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ ትናንት ሽንት ቤቷን በቅልቅል ስታጥብ ጢሱ ያነቃት ሴት መጥታብን ነበር። ትኩሳትና ሳል ያለው ሰው ዘሎ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት 8335 ይደውል፣ ነጻ ነው።

ማስኩን ደግሞ እባካችሁ ለእኛም አስቀሩልን። በየፋርማሲው አልቆ ክፍላችን ውስጥ በቁጥር ነው የሚታደለን።

ጉለሌ ላይ
መጋቢት 6፣ ከጠዋቱ 3:05

እህቴ 20 ሰከንዱን ሰማን፣ እግዜር ይስጥሽ። እኛ ሰፈር ግን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፣ እሱም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ። ጀሪካን ደርድረን፣ ጆሯችንን ቧንቧው ላይ አድርገን ነው የምንተኛው። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ አልመጣም። እስቲ አንድ ጀሪካን ውሃ ለአምስት ሰው፣ ለወጥ፣ ለመጠጥና ለ20 ሰከንድ እንዴት እንደሚከፋፈል አስሊልኝ።

ነርስ ነኝ
መጋቢት 6፣ ከቀኑ 9:40

ልክ ነህ፣ መልስ የለኝም። እቤቴ የማደርገውን ልንገርህ፦ ሃይላንድ ክዳኑን በምስማር በስቼ ዘቅዝቄ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። በቀጭኑ ነው የሚወርደው፣ አንድ ሃይላንድ ለብዙ እጅ ይደርሳል። የሚወርደውን በሳፋ ተቀብለህ ለሽንት ቤት።

አወያይ
መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 1:12

ሁለት አስተያየቶች አንስቻለሁ። መንገድ ላይ ያገኙትን የውጭ አገር ሰው «ኮሮና!» ብለው መጮሃቸውን እንደ ጀብዱ የጻፉ ነበሩ። እንዲህ ያለው እዚህ ቤት አይለጠፍም።

የሦስት ልጆች እናት
መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 4:00

ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ተዘጋ ተባለ አይደል ትናንት? በአንድ ቀን የሁለት ሳምንት ዳቦ በሉብኝ። ትምህርት ቤት ሲውሉ ምን ይበሉ ነበር?

የአያቴ ጸሐፊ
መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 1:45

አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ጻፊልኝ» እያለችኝ ነው። 78 ዓመቷ ነው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያለነው።

«ፓስታ ምን ያደርግላችኋል? ድርቆሽ አድርቁ። በሶ አስፈጩ። ሽሮና በርበሬ በቤት ካለ ሰው አይራብም» ትላለች። አልጋዋ ሥር አንድ ጆንያ ድርቆሽ አለ፣ እኛም የሰማነው ዛሬ ነው። መቼ እንዳደረቀችው አናውቅም። በደርግ ጊዜ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ድንጋይ በቦታዋ ተክላ ትሄድ እንደነበር፣ ስኳርና ሳሙና በካርድ ይታደል እንደነበር ነገረችን። ድንጋዩን ያነሳባት ጎረቤት አሁንም አለች፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለቻትም።

ቁም ነገሩን ደግሞ በመጨረሻ ነው የተናገረችው፦ «ያኔ ሰልፉ ላይ ተቃቅፈን ነበር የምንቆመው፤ ብርዱ ነበር እንጂ ሰው አያስፈራም ነበር።» አሁን ጎረቤቶቿ ለቡና ሲመጡ በር ላይ ቆመው ነው የሚያወሯት። ስኒዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ
መጋቢት 10፣ ከጠዋቱ 5:30

ከሜሪላንድ ነው፣ እዚህ ሌሊት ነው። አገር ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እኛም አብደናል። የእናንተ ነጭ ሽንኩርት ከሆነ የእኛ የሽንት ቤት ወረቀት ነው። ትናንት ገበያ አዳራሹ ሳይከፈት ሰልፉ መኪና ማቆሚያውን ዞሮ ነበር። ገብቼ ያ ረጅም መደርደሪያ ከጫፍ ጫፍ ባዶ። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት የመጨረሻዋን የወጥ ቤት ሶፍት ይዛ እያየችኝ ቆመች። ወስዳ ሄደች፤ እኔ ደግሞ በልቤ «እኛ እኮ ውሃ ነው የምንጠቀመው፣ ምን አስጨነቀኝ?» ብዬ ሳቅኩ።

አበሻ ሱቅ ስሄድ ግን ሳቄ ቆመ። 25 ፓውንዱ የጤፍ ከረጢት አልቋል። ባለሱቋ ለአንድ ቤት አንድ እሽግ እንጀራ ነው የምትሰጠው። እኔ ኤርፖርት አካባቢ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ከትናንት ወዲያ ስድስት ሰዓት ቆሜ አንድ ሰው ነው የጫንኩት። እናቴ ወር በገባ የምልክላትን ትጠብቃለች። ምን ብዬ ልደውል? ለነገሩ ስደውልም ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ ንግግር ነው የምሰማው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የካዛንቺስ ልጅ
መጋቢት 10፣ ከቀኑ 6:02

ያቺ የስልኳ ንግግር! ፍቅረኛዬ አኩርፋኝ ስደውልላት እሷ ሳታነሳ ስለ ሳል ሲነግሩኝ ቆይተው ይዘጋል። ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም፣ አላውቅም።

የሰሚቷ
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 3:10

ይሄን ክር የከፈትኩት ስለ ሎሚ ነበር። አሁን ሌላ ነገር ልጽፍ ነው፣ እንዳትቀየሙኝ።

ልብስ የምታጥብልኝ ሴት አለች። በሁለት ሳምንት አንዴ እሁድ ትመጣለች፣ እኛ ሕንፃ ላይ ብቻ ስድስት ቤት አላት። ባለፈው እሁድ ጠዋት በሩን አንኳኳች። እኔ ከውስጥ ሆኜ፣ በሩን ሳልከፍት፣ «ለጊዜው ይቅርብሽ፣ በሽታው እስኪያልፍ» አልኳት። «እሺ እትዬ» አለች። እትዬ አትበይኝ ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የእግሯን ድምፅ ደረጃው ላይ ሰማሁት፤ ሦስተኛ ፎቅ ቆመ፣ አንኳኳች፣ ወዲያው መውረድ ጀመረች። ሁለተኛም እንደዚያው። ስድስቱም ቤት በአንድ ጠዋት።

ልብሴን ራሴ አጠብኩ። ክፍያዋን ግን አልሰጠኋትም፣ አልታሰበኝም ነበር እንዳልል ታስቦኛል። ከሰኞ ጀምሮ እየደወልኩላት ነው፣ ስልኳ ዝግ ነው። ቤቷን አላውቀውም፣ «ከወንዙ ማዶ» ስትል ነው የሰማሁት።

የሦስት ልጆች እናት
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 3:36

ብቻሽን አይደለሽም። እኔም እንጀራ ጋጋሪዬን አስቀርቻት ነበር፣ ዛሬ ጠርቻታለሁ። ምጣዱን በረንዳ አወጣንላት፣ እሷ ውጭ እኛ ውስጥ።

ኮልፌ ባለሱቅ
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 4:20

የሰሚቷ፣ ሰፈራችሁ ያለውን ሱቅ ጠይቂ። የምታጥብ ሴት ሳሙና የምትገዛበት ሱቅ አያጣትም። የዱቤ ደብተሩ ላይ ስሟ ካለ ቤቷንም ያውቃል።

የእኔን ጉዳይ ለጠየቃችሁኝ፦ ሱቄ ፊት ገመድ ወጥሬያለሁ፣ ሰው ከገመዱ ወዲህ እንዳያልፍ። ሕፃናቱ ለዝላይ ነው የተጠቀሙበት። መስኮቱ ላይ ላስቲክ ሰቅዬ በታች በኩል እጅ የሚያሳልፍ ቀድጄለታለሁ። ብር በእጅ መቀበል ስለፈራሁ ሳህን አቅርቤ እዚያ ይጥሉታል። ማታ ባለቤቴ ብሩን በካውያ ትተኩሰዋለች። ትናንት የነተበች 10 ብር ካውያው ሥር ለሁለት ተከፈለች፣ በዚህ ኑሮ ያችንም ከሰርን። ካውያው ቫይረሱን ይግደል አይግደል ነርሷ ትንገረን፣ ባለቤቴን ግን ያረጋጋታል።

በነገራችን ላይ ዋጋ ጨምረዋል ተብለው እኛ መንገድ ላይ ሦስት ሱቅ ታሽጓል። አንደኛው ይገባዋል፣ አልዋሽም። ሁለቱ ግን እንደኔ ከላይ የጨመረባቸው ናቸው። የላይኛውን ማን ያሽገው?

ነርስ ነኝ
መጋቢት 17፣ ከጠዋቱ 12:50

ብሩን ተወውና እጅህን ታጠብ ጋሼ።

ማዳም ቤት (ዱባይ)
መጋቢት 28፣ ከምሽቱ 5:15

ሁሉንም ሳነብ ከርሜ ዛሬ ነው የምጽፈው፣ ማዳም ከተኛች በኋላ። እዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም መውጣት ክልክል ነው፣ ለምግብና ለመድኃኒት ካልሆነ። ለዚያም ፈቃድ የሚወጣው በኢንተርኔት ነው። ቤቱ ገበያ በስልክ ያዛል። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ የምቀበለው እኔ ነኝ፣ እያንዳንዱን ብርቱካን፣ እያንዳንዱን እሽግ በሳሙና ሳጥብ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እጄ ተሰነጣጥቋል። ድሮ ዓርብ ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እንጠጣ ነበር፣ አሁን ዓርብም እንደ ሰኞ ነው። ሁሉም እቤት ስለዋሉ ሥራው ሦስት እጥፍ ነው፣ ምግብ በቀን አምስቴ።

ደመወዜን ግን በሰዓቱ ሰጥተውኛል፣ አልሐምዱሊላህ። የላኪ ቤቱ ወረፋ ስለማይደረስበት ብሩ ትራሴ ሥር ነው ያለው። ከእናንተ መሃል የእናቴ ሰፈር ሰው ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ኮምቦልቻ ነው። ዝም ብዬ ነው።

ኮልፌ ባለሱቅ
መጋቢት 28፣ ከምሽቱ 5:40

እህቴ፣ አጎቴ ኮምቦልቻ ሱቅ አለው። በውስጥ ጻፊልኝ። እናትሽ የሚያስፈልጋትን ከእሱ ትውሰድ፣ መንገዱ ሲከፈት ትልኪለታለሽ።

የካዛንቺስ ልጅ
ሚያዝያ 4፣ ከጠዋቱ 2:30

አዋጁን ሰማችሁ? የአስቸኳይ ጊዜ፣ አምስት ወር። ከአራት ሰው ጀምሮ መሰብሰብ የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት አይበልጥም። የቤት ኪራይ መጨመርም ተከራይ ማስወጣትም ተከልክሏል፤ አከራዬ ዛሬ ጠዋት ሰላም ሲለኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ታክሲ ግማሽ ጭኖ ሂሳቡ እጥፍ ሆኗል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ በሃይላንድ የያዘውን ፈሳሽ እጃችን ላይ ያንጠባጥባል። ትናንት አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን አሽትተው «ልጄ፣ ይሄማ ካቲካላ ነው» አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ ማለትም ስድስታችን።

ጉለሌ ላይ
ሚያዝያ 5፣ ከምሽቱ 2:00

ስለ እድር የሚያውቅ አለ? ጎረቤታችን አርፈው (በሌላ ሕመም ነው) ድንኳን አልተተከለም። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነው የሄደው። የእድሩ ዳኛ በየቤቱ እየዞሩ፣ በር ላይ ቆመው፣ «አትምጡ» ይሉ ነበር። እኚህ ሰው 40 ዓመት «ለምን ቀራችሁ» ብለው ሲቀጡን የኖሩ ናቸው። ሲነግሩን ያለቅሱ ነበር። ምግብ በሰሃን ሠርተን ደጃፋቸው አስቀመጥን።

የአያቴ ጸሐፊ
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 1:30

ስቅለትን በቴሌቪዥን ሰገድን። አያቴ ነጠላዋን እንደ ሁልጊዜው አጣፍታ፣ ጫማዋን ሳሎን በር ላይ አውልቃ ገባች። እኛም አወለቅን።

የሰሚቷ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2:15

እንኳን አደረሳችሁ፣ ቢዘገይም።

ባለሱቁ የነገረኝን አደረግሁ። ታች ያለው ሱቅ ያውቃታል። ደብተሩን ገልብጦ አሳየኝ፣ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ በስሟ ሥር ያለው ዳቦ ብቻ ነው፤ ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ፣ አንዴ ሻማ። የሱቁን ልጅ ይዤ ከወንዙ ማዶ ሄድኩ። ስልኳን ሸጣዋለች። የቀረባትን የእሁዶቹን ክፍያ ሰጠኋት፣ ለመቀበል አስቸገረችኝ። «ሳልሠራ?» ነው የምትለው። በመጨረሻ ልብሱን እሷ ዘንድ እንዳመጣላት ተስማማን፣ በፌስታል አስሬ በር ላይ አስቀምጥላታለሁ። ደረቴ ቀለለ ብል ውሸት ነው።

አሁን ወደ ሎሚው። ያኔ ፈርቼ የገዛሁት ነጭ ሽንኩርት (አዎ፣ ገዝቼ ነበር፣ ሁለት ኪሎ) እየበቀለ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ እንደኔው ስላላቸው የሚወስድልኝ አጣሁ። ለዶሮው ሽንኩርት ግን ቀይ ነው ያለቀብኝ፣ ሽንኩርት ያነሰው ዶሮ ወጥ ነው የሠራሁት። ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ልገዛ ብዬ ነበር፣ አትክልት ተራ ግን ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ገብቷል አሉ። የሄደ ሰው አለ?

የካዛንቺስ ልጅ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2:33

እኔ ሄጃለሁ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነጋዴው ተራርቆ ነው የተቀመጠው፣ ገዢው ግን አልተራራቀም። ቦቲ አድርጊ፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጥምቀት ላይ የቆምሽበትን ቦታ ፈልጊው፣ አሁን ጎመን ነው ያለው።

የሰሚቷ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2:35

ሎሚስ ስንት ገባ?

የካዛንቺስ ልጅ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2:36

ማንም ዞር ብሎ አያየውም።